ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢጠፋባችሁ፦ ሞተ የተባለው ላፕቶፔ እንዴት እንደተነሳ

ይህን የምጽፈው ኮምፒውተሩ ባዮስ (ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) እያደሰ ተቋርጦበት አሁን ጥቁር ስክሪን ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ፋይሎቻችሁ አልጠፉም። ዋናው ቦርድም (ማዘርቦርዱ) ብዙውን ጊዜ አልተቃጠለም። ስለዚህ አዲስ ቦርድ ለመግዛት አትቸኩሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ባዮስ በሚቀመጥበት ቺፕ ውስጥ ያለው መረጃ ሳይነበብና ሳይቀመጥ ማንም ምንም እንዲጽፍበት አትፍቀዱ። የቀረው ጽሑፌ በሙሉ የዚህች አንዲት ምክር ማብራሪያ ነው።

ደብረ ሲና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው ጥር የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ታርሞ ሮስተር የሚሠራበት ሰሞን ነበር። የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ያን ሰሞን ያውቀዋል። ውጤት ከየመምህሩ ይሰበሰባል፣ ይደመራል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ካርድ ይሞላል። ያ ሁሉ ሥራ ላፕቶፔ ላይ ነበር። ማታ ጨርሼ ላጠፋው ስል አፕዴት አለ አለኝ። ከዊንዶውሱ ጋር የላፕቶፑ አምራች የላከው የባዮስ አፕዴትም አብሮ መጥቶ ኖሯል። ሪስታርት አደረገ። ስክሪኑ ላይ በፐርሰንት የሚሄድ መስመር መጣ፤ ከሥሩም «ኮምፒውተሩን አታጥፉ» የሚል ማስጠንቀቂያ። መሐል ላይ ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ።

ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል ትሉ ይሆናል። ያረጀ ባትሪ ግን አይታመንም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምታዩት ፐርሰንት ግምት ነው። ባትሪው ሲያረጅ ግምቱ ይሳሳታል፤ ግማሽ አለኝ ብሎ ከቻርጀር ሲለይ ድንገት ይወድቃል። አፕዴቱም ከመጀመሩ በፊት የሚያየው ያንኑ ፐርሰንት ነው። በቂ ነው ብሎ ይጀምራል። ዊንዶውስ ውስጥ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣ ትዕዛዝ አለ። ባትሪው አዲስ ሳለ ምን ያህል ይይዝ እንደነበርና አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያችኋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ሰው ይህን ሪፖርት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢያየው ጥሩ ነው።

መብራት ሲመለስ ላፕቶፑን ከፈትኩት። የቻርጀሩ መብራት በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የአምራቹ ምልክት እንኳ አልመጣም። ይህ ምልክት አስፈላጊ ነው፣ ልብ በሉት። ኃይል እየገባ፣ ማራገቢያ እየዞረ፣ ምንም ምስል ከሌለና ይህ የሆነው ልክ ከአፕዴት በኋላ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ባዮስ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ባዮስ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ አለባችሁ። ዊንዶውስና ፋይሎቻችሁ ያሉት ኤስኤስዲው ወይም ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ባዮስ እዚያ የለም። ማዘርቦርዱ ላይ ስምንት እግር ያላት፣ ጎኗ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ጥቁር ቺፕ አለች። ኮምፒውተሩ ሲበራ ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትዕዛዙን የሚያነበው ከእሷ ነው። አፕዴት ሲደረግ አሮጌው ጽሑፍ በየክፍሉ ይሰረዝና አዲሱ ይጻፋል። ተሰርዞ ሳይጻፍ ኃይል ከተቋረጠ ያ ቦታ ባዶ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ ሊያነብ ይመጣል፣ ባዶ ያገኛል፣ እዚያው ይቆማል። የክፍል መዝገብ ገጽ ቢቀደድ ተማሪዎቹ ከክፍል አይጠፉም። የእኔም ቦርድ ላይ የጎደለው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ፕሮሰሰሩም፣ ራሙም፣ ቺፗም ራሷ ደህና ነበሩ። ይህን ግን ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

በማግሥቱ በጣርማ በር አድርጌ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቤት ከፍቶ አየና «ቦርዱ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ ከላፕቶፑ ግማሽ ዋጋ በላይ ነበር። ሁለተኛው ቤት የተሻለ ያውቃል። ችግሩ ባዮስ መሆኑን ወዲያው ነገረኝ። የዚህን ሞዴል የባዮስ ፋይል ከኢንተርኔት አውርጄ ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ አለ። «አሁን ያለውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የተበላሸ ነገር ምን ይሠራልሃል?» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፤ ብዙ ጠጋኝ እንደዚያ ያስባል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ እዚያው ከተማ የዲሽ ሥራ እንደሚሠራ ትዝ አለኝና ደወልኩለት። ሳልጨርስ አቋረጠኝ። «ቲቸር፣ እንዳይጽፉበት። ይዘውት ይምጡ» አለኝ። ነገሩ የተለወጠው በዚህች ስልክ ነው።

የዲሽ ባለሙያ ከላፕቶፕ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉ። ሪሲቨር ውስጥም ያችው ባለስምንት እግር ቺፕ አለች። ሶፍትዌሩ የጠፋ ሪሲቨር የሚነሳው ቺፗን በቀጥታ በማንበብና በመጻፍ ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ ሲኤች 341 ኤ የሚባል ትንሽ ፕሮግራመር (ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) ልጁ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በየከተማችሁ ኮምፒውተር ቤቶች መሣሪያው ከሌላቸው ዲሽና ሞባይል የሚጠግኑትን ጠይቁ። ብዙ ሰው እነሱን አያስብም።

ልጁ ከምንም በፊት ውጤቱን እናውጣ አለ። ኤስኤስዲውን ነቅሎ በዩኤስቢ ኬዝ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። ዲስኩ የ48 አኃዝ ቁጥር ጠየቀ። ይህ ቢትሎከር የሚባለው፣ ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ መክፈቻ ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ቢትሎከር ሳታዙት ራሱ ይበራል። ቁጥሩ የሚቀመጠው በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። በስልኬ ገብቼ አገኘሁት፣ ዲስኩም ተከፈተ። ሮስተሩ አለ፣ ውጤቱ አለ፣ ሁሉም አለ። ፍላሽ ላይ ገለበጥነው። ትንፋሼ ያን ጊዜ ተመለሰ። እናንተም የፋይሉን ጉዳይ ከቦርዱ ጉዳይ ለዩት። ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ በቦርዱ ላይ የምትወስኑት ውሳኔ የተረጋጋ ይሆናል። ያን ቁጥር ደግሞ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት። የአካውንታቸውን የይለፍ ቃል የረሱ ሰዎች ዲስኩ ደህና ሆኖ ፋይላቸውን ሳያገኙ ይቀራሉ።

ቀጥሎ የጠየቀኝ «በዩኤስቢ ሞክረውታል?» ብሎ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ሳይከፈቱ ራሳቸውን የሚመልሱበት መንገድ አላቸው። ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ኤችፒ ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር የሞዴላችሁን የባዮስ ፋይል ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ስትከፍቱት የሪከቨሪ ዩኤስቢ የሚያዘጋጅ ምርጫ ይሰጣችኋል። ፍላሹንና ቻርጀሩን ሰክታችሁ የዊንዶውስ ቁልፉንና የቢ ፊደልን አብራችሁ ያዙ። ማብሪያውን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ሁለቱን ቁልፎች ግን ስክሪኑ ምላሽ እስኪሰጥ አትልቀቁ። ዴል ከሆነና በጣም ያረጀ ካልሆነ፣ ቻርጀሩ ተነቅሎ ኮንትሮልና ኢስኬፕን አብራችሁ ይዛችሁ ቻርጀሩን ሰኩት፤ የሪከቨሪ ገጹ ሲመጣ ልቀቁ። ዴስክቶፕ የያዛችሁ ደግሞ ከጀርባ ያሉትን የዩኤስቢ ቀዳዳዎች እዩ። አሱስ ባዮስ ፍላሽባክ፣ ጊጋባይት ኪው ፍላሽ ፕላስ፣ ኤምኤስአይ ደግሞ ፍላሽ ባዮስ የሚሉት ቁልፍ ያላቸው ቦርዶች አሉ። ፍላሹ በፋት 32 ይፎርማታል፣ ፋይሉ አምራቹ ባዘዘው ስም በትክክል ይሰየማል፣ በተለየው ቀዳዳ ይሰካል፣ ቁልፉ ይጫናል። ለዚህ ፕሮሰሰርና ራም እንኳ አያስፈልግም።

የእኔ ላፕቶፕ ለዩኤስቢው ምንም ምላሽ አልሰጠም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍላሹን የሚያነበው ፕሮግራም ራሱ የሚኖረው በዚያችው ቺፕ ውስጥ ነው። የተሰረዘው ቦታ እሱንም ከነካ የሚያነብ የለም። እዚህ ስትደርሱ ነው ፕሮግራመር የሚያስፈልገው።

ልጁ ካቻቢቴውን ከማንሳቱ በፊት «ቲቸር፣ ጋቢዎን ወዲያ ያድርጉት» አለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጥር ላይ ውርጭ ነው፣ አየሩም ደረቅ። በደረቅ አየር ጋቢና የሱፍ ሹራብ ሲፋተጉ ሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ብረት ስትነኩ ቆንጠጥ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። ሰው ቆንጠጥ ብሎት ያልፋል፣ ቺፕ ግን ሊሞትበት ይችላል። ሹራባችሁን አውልቁ፣ ብርድ ልብስ ላይ አትሥሩ፣ ቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት መሬት የተያያዘ ብረት ንኩ። እኛ ደጋ ያለን ሰዎች ይህን ከሌላው በላይ መጠንቀቅ አለብን።

ከዚያ ቻርጀሩ ተነቀለ፣ ዋናው ባትሪ ተነቀለ፣ የሰዓቷ ክብ ባትሪም ወጣች። በፕሮግራመሩ ሽቦ ጫፍ ያለው መቆንጠጫ ክሊፕ ቺፗን ሲነክስ ቦርዱ ውስጥ ሌላ ኃይል መኖር የለበትም። ቺፗ ጀርባ ላይ የታተመውን ስም በስልክ ካሜራ አጉልተን አነበብነው። 25 ኪው 128 ይላል። 128 ሜጋቢት ማለት 16 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ የሚነበበው ፋይል ልክ 16,777,216 ባይት መሆን አለበት። 64 የሚል ከሆነ ግማሹ፣ 8,388,608 ባይት ይሆናል።

ቮልቴጁን ማየት ግዴታ ነው። አብዛኞቹ በ3.3 ቮልት ይሠራሉ። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ያሉት ግን የ1.8 ቮልት ናቸው፤ ለእነሱ የተለየ አዳፕተር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከቁጥሩ ቀጥለው ያሉት የመጨረሻ ፊደሎች ላይ ስለሆነ ሙሉ ስሟን ፈልጋችሁ የአምራቹን ሰነድ አንብቡ። ርካሹ ጥቁር ፕሮግራመር ደግሞ የታወቀ ችግር አለበት። ለቺፗ የሚሰጠው ኃይል 3.3 ሆኖ ሳለ የመረጃ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት የሚያወጣ ብዙ አለ። ልጁ የራሱን ቀድሞ አስተካክሎት ነበር፤ ያም ሆኖ ፊት ለፊቴ በቴስተር ለካው። የምትሄዱበትን ሰው ይህን ጠይቁት። መልስ ካለው በእምነት ስጡት።

የክሊፑ ቀይ ሽቦ ቺፗ ላይ ነጥብ ያለባትን እግር መንካት አለበት። አነበብን። ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ፣ ኤፍኤፍ ነው፤ ባዶ የሆነ ቦታ የሚታየው እንዲህ ነው። እኔ ሁሉም ተሰርዟል ብዬ ልቤ ወደቀ። ልጁ ግን አልደነገጠም። ሁሉም ኤፍኤፍ ወይም ሁሉም ዜሮ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ክሊፑ አልነካም ማለት ነው አለኝ። የቺፗን እግሮች በአልኮል ጠርጎ ክሊፑን መልሶ አስቀመጠው። አሁን ጽሑፍ መጣ፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ሲያነበው ሁለቱ ፋይሎች አልተመሳሰሉም። እንደገና አስተካከለ። ተመሳሳይ ፋይል ደጋግሞ እስኪመጣ ድረስ አልቆመም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ጊዜ የተነበበ ፋይል ቅጂ አይባልም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ አንብቡና በሃሽ (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ) አነጻጽሩ። አንድ ባይት እንኳ ከተለያየ ክሊፑ በደንብ አልነከሰም፤ እንዲህ ሆኖ የተጻፈ ጽሑፍም ተበላሽቶ ነው የሚጻፈው። አንዳንዴ ቺፗ ቦርዱ ላይ እያለች ጨርሶ አትነበብም፤ ከክሊፑ የሚሄደው ኃይል ወደ ሌሎቹ የቦርዱ ክፍሎች ስለሚያልፍ ነው። ያኔ መነቀል አለባት፤ ያ ደግሞ እጁ የለመደ ሰው ሥራ ነው።

የተነበበውን ፋይል ዩኢኤፍአይ ቱል በሚባል ፕሮግራም ሲከፍተው ለምን «እንዳይጽፉበት» እንዳለኝ ገባኝ። ቺፗ ውስጥ ያለው ባዮስ ብቻ አይደለም። የላፕቶፑ መለያ ቁጥር እዚያ አለ። አብሮ የመጣው የዊንዶውስ ፈቃድ እዚያ አለ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ የማኔጅመንት ኢንጂኑ (ከፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን የሚሠራ ትንሽ የኢንቴል ሥርዓት) ክፍል፣ ለዚያ ቦርድ ተብሎ ከተዘጋጀ መረጃው ጋር እዚያ አለ። በአንዳንዶቹ የኔትወርኩ መለያ አድራሻም አለ። በእኔ ላይ እነዚህ ሁሉ ደህና ነበሩ። ባዶ የሆነው ከባዮሱ ክፍል የተወሰነው ብቻ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ቅጂ ቢጻፍበት ኖሮ ላፕቶፑ ሊበራ ይችል ነበር፤ የሚበራው ግን በሌላ ላፕቶፕ መለያና ፈቃድ ነው። የእኔው ጽሑፍ ካልተቀመጠ ደግሞ መመለሻ የለም።

ልጁ የአምራቹን አፕዴት ከአምራቹ ገጽ አወረደ። የወረደውን ፋይል እንዳለ ቺፕ ላይ መጻፍ አይቻልም። ከፊቱ ተጨማሪ መረጃ (ራስጌ) ይኖረዋል፣ መጠኑም ከቺፗ ጋር አይገጥምም። ከውስጡ የባዮሱን ክፍሎች አወጣና ባዶ የሆኑትን ብቻ በእኛ ቅጂ ላይ ተካ። ዩኢኤፍአይ ቱልን የምትጠቀሙ ከሆነ ክፍል መተካት የሚችለው አሮጌው 0.28 ስሪት ነው፤ አዲሱ ያሳያል፣ ያወጣል እንጂ አይተካም። የተስተካከለው ፋይል አሁንም ልክ 16,777,216 ባይት መሆኑን አየን። ቺፗ ተሰረዘች፣ ተጻፈች፣ ከፋይሉ ጋር ተነጻጸረች። ይህን ስንሠራ የልጁ ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ነበር።

ባትሪዎቹን መልሰን አበራነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። እዚህ ላይ ታገሱ፣ እባካችሁ። ባዮሱ ከተጻፈ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሙን እንደ አዲስ ይለማመዳል። ለደቂቃዎች ምንም ላያሳይ፣ ራሱን አጥፍቶ ሊያበራም ይችላል። ተቻኩሎ የሚያጠፋው ሰው የዳነውን አልዳነም ብሎ ሊተወው ይችላል። እኛ ጠበቅን። የአምራቹ ምልክት ሲመጣ ሁለታችንም አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላ የቀረው ጥቂት ነው። የሰዓቷ ባትሪ ስለወጣች ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር። ቀኑ ካልተስተካከለ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም፣ መጀመሪያ አስተካክሉት። ቢትሎከርም ባዮሱ ስለተነካ ያንን 48 አኃዝ እንደገና ጠየቀ። መለያ ቁጥሩና የዊንዶውሱ ፈቃድ እንደነበሩ ናቸው። የተነበበውን የመጀመሪያ ቅጂና የተስተካከለውን በስልኬም በፍላሽም አስቀምጫለሁ፤ የፋይሉ ስም ላይ የላፕቶፑን ሞዴል፣ የቺፗን ስምና ቀኑን ጽፌበታለሁ።

ከእንግዲህ አፕዴት አታድርጉ አልልም። የባዮስ አፕዴት የደኅንነት ቀዳዳዎችን ይደፍናል። ግን ቀን ይሁን፣ ባትሪው የሚታመን ይሁን፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይኑር። ቢትሎከርን ቀድማችሁ ለጊዜው አቁሙት። በብዙ ላፕቶፖች የባዮስ ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ ባዮሱን በራሱ እንዳያድስ የሚከለክል ምርጫ አለ። እኔ ዘግቼዋለሁ፤ ጊዜ ሲኖረኝ በራሴ አድሳለሁ።

ልጁ ሰሞኑን ደብረ ሲና ወርዶ በትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት «የሞቱ» ተብለው የተቀመጡ ኮምፒውተሮችን አብረን አየን። አንዱ በዚሁ መንገድ ተነሳ፤ አሁን ተማሪዎች ይሠሩበታል። ሌላው ባዮሱ ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ የተበላሸው ራሙ ነበር። ማራገቢያው ጨርሶ የማይዞረውን ወደ ጎን አደረግነው፤ የእሱ ችግር ኃይል ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ያገኘናት ቺፕ ደግሞ የ1.8 ቮልት ስለሆነች አዳፕተሩ እስኪገኝ ድረስ አልነካናትም።